ዶላር ይዞ ኮፒ መግዛት፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ውጭ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የተቀባበልነው አንድ ጽሑፍ አለ። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። ውጭ አገር የሚኖር ሰው የአማርኛ መጽሐፍ በፒዲኤፍ ቢገዛ፣ ፊልም በኮፒ ዲስክ ቢያይ፣ ፍላሹን በዘፈን ቢያስሞላ ነውር የለበትም። ጸሐፊው ምክንያታቸውን ደርድረዋል። ኦርጅናሉ እዚህ አይገኝም። ሐዋላ ስለምንልክ ለአገር የቀረብን ዕዳ የለም። ኮፒ ለባለሙያው ማስታወቂያ ነው። ሻጩም የእኛው ሰው ነው። አሜሪካም ያደገችው የሰው መጽሐፍ እያባዛች ነው። የምንኖርበት አገር ሕግ የኢትዮጵያን ሥራ አይጠብቅም። ፈረንጆቹም በጤፋችንና በቡናችን ላይ ያደረጉትን አድርገዋል። መጨረሻ ላይ ደግሞ የሁሉም ሰው ስልክ በኮፒ ስለተሞላ አሁን ማንሳቱ ትርጉም የለውም ይላሉ።

ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ የተጻፈ ነው። ብዙ ሰው «ልክ ነው» ብሎ ተቀብሎታል። ለዚህም ነው ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት። አዲስ አበባ ገንዘብ አጥሮት ኮፒ የሚገዛ ተማሪና አሜሪካ ውስጥ ሜሪላንድ ተቀምጦ ኮፒ የሚገዛ ሠራተኛ አንድ አይደሉም። ጸሐፊው የተማሪውን ችግር ወስደው ለሠራተኛው ሰበብ አድርገውታል። ቅሬታዬ እሱ ላይ ነው። እስቲ ነጥብ በነጥብ እንየው።

«ኦርጅናሉ እዚህ አይገኝም»

በዚህ ልጀምር፤ ከሁሉም ጠንካራው ይህ ነውና። እውነትነትም አለው። ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ካለ የሐበሻ ሱቅ የገባ ሰው እንጀራውን፣ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ጀበናውን አያጣም። መጽሐፍ ግን ካለም ጥግ ላይ አንድ መደርደሪያ ነው። ያሉትም ብዙዎቹ ከዓመታት በፊት የታተሙ ናቸው። ባለፈው ወር አዲስ አበባ የተመረቀ ልቦለድ እዚያ አይገኝም። በፖስታ ላስልክ ቢሉ መላኪያው ከመጽሐፉ ዋጋ ይበልጣል። ይህን ማንም አይክድም።

ግን በርበሬው እንዴት መጣ? ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ የሚበር መንገደኛ ብዙውን ጊዜ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዱለታል። ሻንጣዎቹ ሲከፈቱ ምን እንደሚወጣ ሁላችንም እናውቃለን። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ሚጥሚጣ፣ ላስቲክ በላስቲክ የተጠቀለለ የተነጠረ ቅቤ። በማናውቀው መንገደኛ ሳይቀር እናስልካለን። «እባክህ ሁለት ኪሎ ብቻ» ብለን እንለማመጣለን። አንድ መካከለኛ ልቦለድ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። አይፈስም፣ አይበላሽም፣ ጉምሩክ ላይ ጥያቄ አያስነሳም። ሆኖም «አዲስ የወጣውን መጽሐፍ ያዝልኝ» የሚል ሰው ብዙም አያጋጥመኝም። ለቅቤው የምንደክመውን ግማሽ ያህል ለመጽሐፉ ሳንደክም «አይገኝም» ማለት ተገቢ አይመስለኝም።

ሙዚቃን በተመለከተ ደግሞ ይህ ምክንያት ጊዜው አልፎበታል። እ.ኤ.አ. በ2019 አውታር የሚባለው መተግበሪያ ሲከፈት መሥራቾቹ ራሳቸው ሙዚቀኞች ነበሩ። በዚያው ዓመት ያረፈው አቀናባሪ ኤልያስ መልካ አንዱ ነው። በ2022 ደግሞ ሰዋስው የተባለው ሌላ የሙዚቃ መተግበሪያ መጣ። ከዚህ ሌላ ዛሬ የሚወጡ አልበሞች ብዙዎቹ ስፖቲፋይና አፕል ሙዚቃ ላይ ይገኛሉ። እዚህ አገር ያለን ሰዎች ካርድ አለን። ለእንግሊዝኛው ዘፈን በየወሩ እየከፈልን ለአማርኛው ፍላሽ የምናስሞላበት ምክንያት አይታየኝም።

ፊልምም ከዚህ ብዙ አይለይም። በርካታ ፕሮዲውሰሮች ፊልማቸውን ሕጋዊ በሆነ ቻናል ዩቲዩብ ላይ በነጻ ይለቃሉ። ገቢያቸው ከማስታወቂያ ነው። አስተዋዋቂዎች ለአሜሪካ ተመልካች የሚከፍሉት ከሌላው ስለሚበልጥ እኛ አንድ ጊዜ ስናይ ባለቤቱ የሚያገኘው የተሻለ ነው። አምስት ሳንቲም ሳናወጣ፣ ትክክለኛውን ቻናል በመክፈት ብቻ እንጠቅመዋለን። እኛ ግን የተሰረቀውን እንከፍታለን። የተሰረቀውን መለየት ደግሞ አይከብድም። ከዩቲዩብ ቁጥጥር ለማምለጥ ምስሉን ግራና ቀኝ ይገለብጡታል። ተዋናዩ ካዛንቺስ ሲራመድ ከጀርባው ያለው የሱቅ ጽሑፍ ፊደሉ ዞሮ ይታያል። ታክሲው በግራ መስመር ይነዳል። ድምፁንም ስለሚያቀጥኑት ጎልማሳው ሰው በልጅ ድምፅ ያወራል። ይህን እያየን «ሌላ ምርጫ የለንም» ማለት አንችልም። ትክክለኛው ከዚያው ገጽ ላይ አለ።

መጽሐፉ ላይ ልመለስ፤ ጉዳቱ የከፋው እዚያ ነውና። በቴሌግራም የሚሸጠውን ፒዲኤፍ የከፈተ ሰው ያውቀዋል። ገጹ ዘመም ብሏል። ጥግ ላይ ወረቀቱን የያዘው ሰው አውራ ጣት ገብቷል። በየገጹ መሐል የቻናሉ አድራሻ በሰማያዊ ተጽፏል። አልፎ አልፎ ሁለት ገጽ ይዘለላል። መግቢያው አካባቢ ደግሞ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚለው የደራሲው ቃል አብሮ ስካን ተደርጓል። ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል። ሰውየው ሦስት አራት ዓመት የለፋበት ነገር በአንድ ከሰዓት በስልክ ካሜራ ተነሥቶ አልቋል።

የአማርኛ መጽሐፍ እንዴት እንደሚታተም ብዙ አንባቢ አያውቅም፤ ባውቅ ኖሮ ብሎ የሚጸጸትም ይኖራል ብዬ አምናለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳትመው ደራሲው ራሱ ነው። ይበደራል፣ ዕቁብ ይገባል፣ ስፖንሰር ይለምናል። ለማተሚያ ቤቱ አስቀድሞ ይከፍላል። ወረቀቱ ከውጭ በዶላር የሚገባ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን አለፈ። የወረቀቱም ዋጋ አብሮ ሄደ። መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ አከፋፋዩ ድርሻውን ያነሣል፣ መደብሩ ድርሻውን ያነሣል፣ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ በእጁ ይዞ የሚዞረው አዟሪም የራሱን ያገኛል። ደራሲው የመጨረሻው ነው። አንድ ሺህም ይሁን ሦስት ሺህ ቅጂ ቢያሳትም ዕዳውን የሚከፍለው አብዛኛው ሲሸጥ ነው። ፒዲኤፉ በሁለተኛው ሳምንት ከተለቀቀ ሁለተኛ እትም የለም። ከዚያ አልፎ ሁለተኛ መጽሐፍም ላይኖር ይችላል።

ምንዛሪው ሲቀየር የተጠቀምነው ግን እኛ ነን። አምስት መቶ ብር የተተመነ መጽሐፍ ዛሬ አምስት ዶላር አይሞላም። እዚህ አንድ ማኪያቶ ከኬክ ጋር ከዚያ ይበልጣል። የአገር ቤቱ አንባቢ ዋጋው ናረብኝ ቢል እውነቱን ነው። ለእኛ ረከሰ። ከሁላችንም ይልቅ መክፈል የሚቀለን እኛ ሆነን ሳለን ካለመክፈል የምንጀምረው ለምንድን ነው?

አንድ ነገር ልለይ። ሳዑዲ በሺህ ሪያል ደመወዝ ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን አለች። የባንክ ካርድ የላትም። የእረፍት ቀን አታገኝም። ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ጓደኛዋ የላከችላትን ትረካ በጆሮ ማዳመጫ ትሰማለች። የእናቷን ቋንቋ የምትሰማው በዚያ ሰዓት ብቻ ሊሆን ይችላል። እሷን ለመውቀስ አፌን አልከፍትም። እንደዚሁም በደርግ ዘመን ኩራዝ የተባለው አሳታሚ ድርጅት አሳትሟቸው ዳግም ሳይታተሙ የቀሩ መጻሕፍት አሉ። አሮጌውን ቅጂ ፈልጎ ያጣ ሰው ስካኑን ቢያነብ ነገሩ ሌላ ነው። የጸሐፊው ምሳሌዎች ግን እንዲህ ያሉ አይደሉም። ሲዲ ገዝተው በመኪናቸው ስለሚሰሙ፣ ለልጆቻቸው አማርኛ ለማስተማር ፊልም ስለሚፈልጉ፣ ሥራ ስላላቸው ሰዎች ነው ያወሩት። እኔም የምመልሰው ለእነሱ ነው።

«ሐዋላ እንልካለን፣ ዕዳ የለብንም»

ሐዋላ የምንልከው ለእናት፣ ለወንድም፣ ለአክስት ልጅ ነው። የተቀደሰ ነገር ነው። ብዙ ሰው ሁለት ሥራ እየሠራ፣ እንቅልፉን እያጣ የሚልከው ነው፤ ላቃልለው አልፈልግም። ግን ከዚያ ገንዘብ ደራሲው ጋ የሚደርስ የለም። ወንድሜን አስተምራለሁና የሰፈሩን ልብስ ሰፊ ሒሳብ አልከፍልም የሚል ሰው አላየሁም። «ለአገር» የሚለው ቃል ሰፊ ስለሆነ የተለየ ስም ያለውን፣ ዕዳ ያለብንን ሰው ይሸፍንብናል። ያነበብነው መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ የአንድ ሰው ስም አለበት። ዕዳ ያለብን ለዚያ ሰው ነው።

«ኮፒ ማስታወቂያ ነው፤ ዘፋኙ በኮንሰርት ይካሳል»

ለታወቀ ዘፋኝ በከፊል እውነት ይሆናል። በየዓመቱ በሐምሌ መጀመሪያ ሰሜን አሜሪካ በሚደረገው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ፌስቲቫል ሳምንት አዳራሽ ይሞላል። ለአዲስ ዓመትም ይሞላል። ግን መድረክ ላይ የሚወጣው ማን ነው? ዘፋኙ ነው። ግጥሙን የጻፈው አይወጣም። ዜማውን የደረሰው አይወጣም። ያቀናበረው ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ቪዛም አይመታለትም። ለእነዚህ ሰዎች ሥራቸው ሲሸጥ የሚያገኙት ነው ያላቸው። እኛ ሠርጋችን ላይ የምንጨፍርበትን ዜማ የሠራ ሰው ኪራይ አጥሮት ቢኖር «በኮንሰርት ይካሳል» የሚለው መልስ አይደርሰውም።

ደራሲስ? ደራሲ ኮንሰርት የለውም። የመጽሐፍ ምርቃት ላይ አዳራሽ ተከራይቶ፣ ውኃና ቆሎ አቅርቦ የሚያወጣው እሱ ነው። ማስታወቂያ የሚጠቅመው የሚሸጥ ነገር ላለው ነው። መጽሐፉ ራሱ በነጻ ከተበተነ ማስታወቂያው የምን ማስታወቂያ ይሆናል?

ጸሐፊው ያላነሡት ውጤትም አለ። አዲስ አበባ በየሰፈሩ የነበሩ ሙዚቃ ቤቶች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። በር ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅለው አዲስ ካሴት ያሰሙ የነበሩት ማለቴ ነው። ለዘፋኙ ቅድሚያ ገንዘብ ከፍለው ሙሉ አልበም የሚያሠሩት እነሱ ነበሩ። ኮፒው ሲበዛ ገንዘባቸው አልመለስ አላቸውና ተዘጉ። ለብዙ ወጣት ዘፋኞች ዛሬ ሙሉ አልበም ማውጣት ሕልም ነው። አንድ ነጠላ ዜማ ይለቃሉ፣ ይጠብቃሉ። ቴክኖሎጂው መቀየሩ አንድ ምክንያት ነው። እኛ አለመክፈላችን ግን ሌላው ነው።

«ሻጩም የእኛው ሰው ነው»

ኮፒ የሚሸጠው ባለሱቅ ሐበሻ ነው፣ ኪራይ አለበት፣ ልጆች አሉት። እውነት ነው። እንጀራውን፣ ቡናውን፣ ዕጣኑን ከእሱ እንግዛ። ደራሲውም የእኛው ሰው ነው። በየወሩ እያስከፈለ መቶ ቻናል የሚያሳየው የቲቪ ቦክስም እዚሁ ምድብ ውስጥ ነው፤ ገንዘቡ ቻናሎቹ ጋ አይደርስም። እንዲያውም እዚህ ላይ ሰዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። ጓደኛ ለጓደኛ በነጻ ያስተላለፈው ፋይልና በአሥር ዶላር የተሸጠው አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ላይ ገንዘብ ወጥቷል። ለመክፈል ፈቃደኞች ነበርን ማለት ነው። የከፈልነው ግን ላልሠራው ሰው ነው።

«አሜሪካም ያደገችው የሰው መጽሐፍ እያባዛች ነው»

ጸሐፊው እዚህ ላይ ታሪክ ያውቃሉ፤ አመሰግናቸዋለሁ። ግን ግማሹን ነው የነገሩን።

እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ እ.ኤ.አ. በ1842 አሜሪካን ሲጎበኝ የአገሪቱ አሳታሚዎች መጽሐፎቹን አንድ ሳንቲም ሳይከፍሉት እያተሙ ይቸበችቡ ነበር። የተጋበዘበት ቦታ ሁሉ ይህንኑ በማንሣቱ ጋዜጦቹ ስግብግብ አሉት። አሜሪካ ለውጭ ደራሲዎች መብት መስጠት የጀመረችው በ1891 ነው። በርን የሚባለውን ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ስምምነት የተቀላቀለችው ደግሞ በ1989፣ ስምምነቱ ከተፈረመ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይታ ነው። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

የቀረው ግማሽ ይህ ነው። የ1891ዱ ሕግ እንዲወጣ ሲጮሁ ከነበሩት መካከል አሜሪካውያን ደራሲዎች ነበሩ። የእንግሊዙን ልቦለድ በነጻ አትሞ የሚሸጥ አሳታሚ ለአሜሪካዊ ጀማሪ ደራሲ ለምን ይከፍላል? የገዛ ሰዎቹ ድርሰት ገበያ አጣ። በነጻ የተወሰደው የእንግሊዝ መጽሐፍ የአሜሪካን ብዕር እያቀጨጨ መሆኑን ያዩት እነሱ ናቸው።

ከእኛ ጋር ያለውን ልዩነት ደግሞ ልብ ይሏል። አሜሪካኖቹ ያባዙት የሌላ አገር፣ ያውም የሀብታም አገር ደራሲ ሥራ ነበር። እኛ የምናባዛው የራሳችንን ነው። ሌላ አንባቢ የሌለውን፣ ከእኛ በቀር በዓለም ላይ ማንም የማይገዛውን መጽሐፍ ነው። እንግሊዛዊ ደራሲ አሜሪካ ባትከፍለው ለንደን ነበረችው። የአማርኛ ደራሲ እኛ ካልከፈልነው ወዴት ይሄዳል?

«የምንኖርበት አገር ሕግ አይከለክልም»

ጸሐፊው በጣም የተማመኑት በዚህ ነው። እዚህም ግማሽ እውነት አለ። ኢትዮጵያ የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ዋናውን የቅጂ መብት ስምምነት፣ የበርኑን፣ ግን ለአሥርት ዓመታት ሳትቀላቀል ቆይታለች። ወደ ዓለም ንግድ ድርጅት ለመግባት የጀመረችው ድርድርም ከሃያ ዓመት በላይ የተጎተተ ነው። በዚህ የተነሣ አዲስ አበባ ብቻ የታተመ የኢትዮጵያዊ መጽሐፍ አሜሪካ ፍርድ ቤት ሲቀርብ የሚደገፍበት ስምምነት ሳይኖረው ኖሯል።

የአሜሪካ ሕግ ግን እዚያ ላይ አያበቃም። ገና ያልታተመ ሥራን የባለቤቱን ዜግነት ሳይጠይቅ ይጠብቃል። የታተመ ቢሆንም ባለቤቱ አሜሪካዊ ዜጋ ወይም ኑሮውን እዚህ ያደረገ ሰው ከሆነ ይጠብቃል። መጀመሪያ ለገበያ የቀረበው አሜሪካ ከሆነ፣ ወይም ሌላ አገር በወጣ በሰላሳ ቀን ውስጥ እዚህም ከወጣ ይጠብቃል። አሁን እናስላው። ዲሲ፣ አትላንታ፣ ሎስ አንጀለስ የሚኖሩት ዘፋኞች ስንት ናቸው? አዲስ አበባም አሜሪካም በአንድ ቀን ለሽያጭ የሚቀርበው አልበምስ? ሲያትል ተቀምጦ መጽሐፉን እዚሁ ያሳተመውስ? «ሕጉ አያውቀንም» ብለን በደፈናው ኮፒ ስንገዛ ሕጉ በደንብ የሚያውቃቸውን ሰዎች ሥራ አብረን እየወሰድን ነው።

አገር ቤት ያለው ሕግ ደግሞ ግልጽ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የደራሲን መብት ያውቅ ነበር። የጥበብ ሰዎች ለዓመታት ከጮሁ በኋላ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሻለ። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት ዕድሜውን ሙሉና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ልጆቹ ይወርሱታል። ማለትም እኛ ተወልደን ያደግንበት አገር ይህን ሥራ ንብረት ነው ብሏል። ቦሌ ላይ አውሮፕላን ስንሳፈር ንብረትነቱ አልቀረም።

ሕጉን ሁሉ ትተን እንኳ እናስበው። የሁለት አገር ባለሥልጣናት አንድ ሰነድ ላይ ስላልፈረሙ የሰው ላብ የማንም ይሆናል? ደራሲው ሜሪላንድ ድረስ መጥቶ አይከሰንም። ጠበቃ መቅጠሪያ የለውም። ማን እንደገዛ፣ ማን እንደሸጠ አያውቅም። እኛ ግን እናውቃለን። ሊከሰን የሚችለውን ሰው ሥራ ላለመንካት ከተጠነቀቅን፣ ሊከሰን የማይችለውን ሰው ሥራ እንደ ልባችን የምንወስድ ከሆነ፣ ጥንቃቄያችን ከፍርሃት የመጣ ነበር ማለት ነው። እዚህ አገር የኖርን ሰዎች የሆሊውድ ፊልም ከመንገድ ላይ አንገዛም። ቅጣቱን ስለምናውቅ ነው። አማርኛው ላይ ቅጣት ስለሌለ እጃችን ይፈታል። ይህ ያሳፍረኛል፤ ሊያሳፍረንም ይገባል።

«ፈረንጆቹስ ጤፋችንን?»

ይህን ነጥብ ሳነብ ከጽሑፉ ሁሉ ያሳዘነኝ እሱ ነው። ምክንያቱም ታሪኩ የሚመሰክረው በተቃራኒው ነው።

የጤፉን እንይ። አንድ የኔዘርላንድ ድርጅት ከጤፍ ዱቄት ዝግጅት ጋር የተያያዘ የአውሮፓ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ይዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ከኢትዮጵያ ጋር ጥቅም ለመጋራት ተፈራርሟል። ኢትዮጵያ ግን ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላገኘችም። በ2009 ድርጅቱ ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን ቆየ። ጉዳዩ ሲሰማ ምን ያህል እንደተቆጣን አይረሳኝም። እናቶቻችን ለዘመናት ያበጠሩትን፣ የፈጩትን፣ ያቦኩትን ነገር ሌላ ሰው «የእኔ ፈጠራ ነው» ማለቱ ነበር ያቃጠለን። በ2018 ሄግ ያለው ፍርድ ቤት ፓተንቱን ኔዘርላንድ ውስጥ ውድቅ ሲያደርግ ደስታችን ወሰን አልነበረውም።

የቡናውም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ። ትልቁ የአሜሪካ የቡና ሻጭ ድርጅት ስታርባክስም ከተቃውሞው ጀርባ አለ ተብሎ ተወቀሰ። ነገሩ የዓለም መነጋገሪያ ሆነ፤ በ2007 ስታርባክስ ከኢትዮጵያ ጋር ተስማማ። ያኔ ውጭ የነበርን ሰዎች ምን ስንል ነበር? ለፍቶ ያመረተው ገበሬ ነው፣ ስሙም የእሱ ነው፣ ዋጋው ለእሱ ይድረሰው አልን። ልክም ነበርን።

እንግዲህ ያን ያልን ሰዎች ነን። የይርጋጨፌ ገበሬ ስሙ እንዲከበርለት የጠየቅነው፣ ሠርቶ ያመጣ ሰው ዋጋው ይገባዋል ብለን ስለምናምን ነው። ያ እምነት ለአዲስ አበባው ደራሲ የማይሠራበት ምክንያት ምንድን ነው? ጸሐፊው ፈረንጆቹ ስለወሰዱብን እኛም እንውሰድ ይላሉ። የምንወስደው ግን ከፈረንጆቹ አይደለም። የኔዘርላንዱ ድርጅት በደለን ብለን የምንቀማው ወሎ ሰፈር ተከራይቶ የሚጽፈውን ሰው ነው። ያ ሰው ፓተንት ይዞ አያውቅም።

«አሁን ዘግይቷል፣ የሁሉም ስልክ ሞልቷል»

ይህን የመጨረሻ ነጥብ ለማስተባበል ብዙ አልደክምም፤ የሚሠራ መንገድ ስላለ እሱን ልናገር።

ማንም ስልኩን ያጽዳ አልልም። ፒዲኤፍ መሰረዝ ደራሲውን አይጠቅመውም። ይልቅ ስልካችንን ከፍተን እስከ መጨረሻ ያነበብናቸውን እንለይ። ጀምረን የተውነውን እንተወው። ያነበብነውን፣ ያስለቀሰንን፣ ለጓደኛ የላክነውን ብቻ። ከዚያ አዲስ አበባ ላለች እህት፣ ለአብሮ አደግ፣ ለወንድም ልጅ በቴሌብር ገንዘብ እንላክ። ለእናት ስንልክ እግረ መንገዳችንን ማለት ነው። ከመጽሐፍ መደብር ኦርጅናሉን ይግዙልን። እዚህ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም። መጽሐፉ እዚያው ይቅር። ለተማርንበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይሰጥ። ደሴም ይሁን፣ ጎንደርም ይሁን፣ ደብረ ብርሃንም ይሁን፣ መደርደሪያቸው ባዶ የሆኑ ትምህርት ቤቶች አሉ። ደራሲው ሒሳቡን ያገኛል። ኮፒ ለመግዛት እንኳ አቅም ያልነበረው ተማሪ ኦርጅናል ያነባል። እኛ ያነበብነው ፒዲኤፍም ዋጋው ተከፈለ።

ብዙ ደራሲዎች የራሳቸው የቴሌግራም ገጽ አላቸው። የባንክ ሒሳብ ቁጥራቸውን የሚያስቀምጡም አሉ። «መጽሐፍህን በኮፒ አንብቤዋለሁ፣ ዋጋውን ልላክልህ» የሚል መልእክት ቢደርሳቸው የሚቆጡ አይመስለኝም። ዘፈን ከሆነ በባለቤቱ ቻናል፣ ወይም ከፍለን በመተግበሪያ እንስማ። ፊልም ከሆነ ፊደሉ ያልተገለበጠበትን እንክፈት።

ለጸሐፊውም አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በቅንነት ነው የምጠይቀው። በጽሑፋቸው ውስጥ በቅርቡ በኮፒ አንብበው የወደዷቸውን ሁለት ልቦለዶች አመስግነዋል። ደራሲዎቹ በሕይወት አሉ፤ መጽሐፎቹም ገበያ ላይ ናቸው። ሁለቱ ተደምረው ከአሥር ዶላር አይበልጡም። አስገዝተው ለፈለጉት ትምህርት ቤት ቢሰጡልን ምን ይመስልዎታል? ከፈቀዱ እኔም በስማቸው ሁለት እጨምራለሁ።